የሳህኑ ውኃ እየረጋ ችግኝ አታውጡ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የበልግ ጓሮ አትክልት ስጀምር ያየሁት

ያደግሁት ሸዋ ሮቢት ነው። እዚያ ውኃ ካለ ሁሉም አለ፤ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም በመስኖ ይወጣል፣ ሌሊቱም ለሰውም ለተክልም አያሰጋም። ደብረ ብርሃን ገብቼ ከቤታችን ጀርባ 5 ሜትር በ8 ሜትር የሚሆን ጓሮ ባዶውን ተቀምጦ ሳገኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ኅዳር ላይ ቆፈርኩት። ከገበያ የቲማቲም፣ የቃሪያና የጥቅል ጎመን ችግኝ ገዝቼ ተከልኩ፣ ጥግ ጥጉን ድንች ቀበርኩበት። ቀን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩም የሚለበልብ ነበር። ማታ ከሥራ ስመለስ በደንብ አጠጣለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁሉም ነገር ያማረ መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ማለዳ ወጥቼ ሳይ ጓሮው ነጭ ሆኗል። ቅጠሉ ሁሉ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። አንዱን የቲማቲም ቅጠል በሁለት ጣቴ ብይዘው እንደ ስስ ብርጭቆ ቀሽ ብሎ ተሰበረ። ፀሐይ ወጥታ ስታገኘው ደግሞ በረዶው ቀልጦ ቅጠሉ ጠቆረ፤ ከድስት የወጣ የተቀቀለ ጎመን መሰለ። እኩለ ቀን ሳይሆን ቲማቲሙም ቃሪያውም ከነግንዱ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ከመሬት ብቅ ያለው ድንችም እንደዚያው ሆነ። የተረፈው ጥቅል ጎመኑ ብቻ ነው፣ ዳር ዳሩ ትንሽ ቢጫ ከመሆኑ በቀር።

ጎረቤታችን እማማ በአጥሩ በኩል አይተውኝ ኖሮ መጡ። እኔ እንባዬ ቀርቦ ነበር። "አይዞሽ ልጄ፣ ሥሩ አፈር ውስጥ ያለው ድንች እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል" አሉኝ። ቀጥለው፣ "በቀኑ ፀሐይ አትታለይ። እዚህ አገር የሚጠየቀው ሌሊቱ ነው። አሁን ተይው፤ ውርጩ ሲወጣ፣ በልጉ ሲገባ አብረን እንተክላለን" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁት ሁሉ የመጣው ከዚህ ንግግር ነው። እንደ እኔ ከቆላ መጥታችሁ ደጋ ላይ ጓሮ የያዛችሁ፣ ወይም ደጋ ተወልዳችሁ አትክልት ጀምራችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ የእኔ ኪሳራ ለእናንተ እንዳይደገም ብዬ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ጊዜውን ራሱ ያገኘዋል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2800 ሜትር ገደማ ላይ። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ሽቅብ ስንመጣ 9 ዲግሪ ያህል ጥለን ነው የምንመጣው። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ሰማዩ ደመና የለውም። መሬት ቀን የያዘችው ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ይሸሻል፣ የሚይዘው ነገር የለም፤ ሊነጋጋ ሲል ቅዝቃዜው 0 ዲግሪ ይነካል ወይም ከዚያ ይወርዳል። የካቲት ሲጋመስ ደመናው መመለስ ይጀምራል። ያ የበልግ ደመና ዝናብ ባያመጣ እንኳ ሌሊቱን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። በአንኮበርና በጣርማበር በኩል ያሉ ገበሬዎች የበልግ ገብሳቸውን የሚዘሩት በዚህ ወቅት ነው። የጓሮ አትክልትም የደጋ መግቢያው ይኸው ነው።

ግን የካቲት ገባ ማለት ውርጭ ወጣ ማለት አይደለም። አንዳንድ ዓመት የካቲት አጋማሽ ድረስ ይቆያል፤ ቦታው ረባዳ ከሆነም ከዚያ ይዘልቃል። ቀን መቁጠሪያ ብቻ አይቶ መትከል እንደማያዋጣ ሁለት ዓመት ከከሰርኩ በኋላ ነው የገባኝ። እማማ ያስተማሩኝ ዘዴ ቀላል ነው። ከጥር 21፣ ከአስተርዮ ማርያም ጀምሬ፣ ማታ ማታ ዝርግ የቆርቆሮ ሳህን ላይ አንድ ጣት የማይሞላ ውኃ አድርጌ መደቡ መካከል መሬት ላይ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳትነካው እሄድና በጣቴ እነካዋለሁ። ቅባት የመሰለች ስስ በረዶ ካለች ሌሊቱ ገና ነው። አሥር ሌሊት በተከታታይ ውኃው ውኃ ሆኖ ካደረ ብርድ የሚችሉትን ችግኞች አወጣለሁ። አምና የመጨረሻዋን በረዶ ያየሁት የካቲት 9 ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ደግሞ ጥር 29። በደብተር ስለያዝኩት ነው የማስታውሰው፤ እናንተም ያዙ።

ሳህኑን አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። የእኛ ጓሮ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘቀዝቃል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈስሳል፣ አጥር ካገኘ እዚያ ይተኛል። ታችኛው ጥግ ላይ ያለው ሳህን በረዶ ሲይዝ፣ ከቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ሥር ያለው ምንም ያልነካው ብዙ ቀን ነበር። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋዋል። ስለዚህ ስስ የሆኑትን፣ ሰላጣንና ገና የተዛወረ ችግኝን፣ ግድግዳው ሥር አደርጋለሁ፤ ታችኛው ጥግ ለባቄላና ለአተር ነው፣ እነሱ ብርዱን ይችሉታል።

ችግኙን ግን የካቲትን ጠብቄ አይደለም የማፈላው። ጥር 13 አካባቢ፣ የቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ ከገበያ የሚገኘውን የቲማቲም ማመላለሻ የእንጨት ሣጥን በጋዜጣ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት እጎዘጉዝና ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅዬ እሞላዋለሁ። በላዩ በጣት መሥመር አሰምርና ዘሩን በጥፍር ጥልቀት እዘራለሁ፤ ጥቅል ጎመን፣ ሐበሻ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ባሮ ሽንኩርት። ገለባ በስሱ አለብሰዋለሁ፤ ብቅ ማለት ሲጀምር ግን በዚያው ቀን ገለባውን አነሳለሁ፣ አለበለዚያ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዝና ክር ይሆናል። ሣጥን የመረጥኩበት ምክንያት አንድ ነው፤ ቀን ደጅ፣ ማታ ቤት ትገባለች። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ "ልጅ አሳደግሽ" ይለኝ ነበር፣ አሁን ማታ የሚያስገባት እሱ ነው። ጎመኑ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣና ግንዱ እርሳስ ሲያክል፣ በእኛ ብርድ ስድስት ሳምንት ገደማ ላይ፣ ለመዛወር ይደርሳል። ባሮ ሽንኩርት ይዘገያል፣ ከሁለት ወር በላይ ይፈልጋል።

ከመዛወሩ በፊት ያሉትን አሥር ቀናት ሣጥኗን ሌሊትም ደጅ፣ ግድግዳው ሥር አሳድራታለሁ፤ ውኃውንም እቀንሳለሁ። ችግኙ ይጠነክራል፣ ቅጠሉ ወፈር ይላል። ይህን የዘለልኩ ጊዜ ከሠላሳ ችግኝ አሥራ አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት ቀርቶብኛል።

አፈሩ የራሱ ታሪክ አለው። የእኛ አካባቢ ብዙው መረሬ ነው፤ ሲረጥብ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ርጥብ ሳለ ብትቆፍሩት እንደ ጡብ ይደርቅና ዓመቱን ሙሉ ያስቸግራችኋል። አንድ ጭብጥ አፈር አንሡና ጨብጡት፤ እጃችሁን ስትከፍቱ በአውራ ጣት ነካ ሲደረግ ፍርፍር ካለ ዶማ ይግባበት፣ ሊጥ ሆኖ ከቀረ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። መደቡን ከመተላለፊያው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ እሠራለሁ፤ ወርዱ ከሁለቱም በኩል እጅ ገብቶ መካከሉ ላይ እስኪደርስ፣ 1 ሜትር ያህል። መተላለፊያው ሲዘንብ ቦይ ይሆናል። አሁን በበልግ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል፤ ሐምሌ ሲመጣ ያመሰግናችኋል።

ማዳበሪያ ላይ እኛ ጋ ያለውን እውነት መናገር አለብኝ። የከብቱ አዛባ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ ለአፈሩ የሚተርፍ ጥቂት ነው። እኔ የማገኘው ከዘመዶች ግቢ የበግ በጠጥ ነው፤ አገሩ የመንዝ በግ አገር ነው፣ በጠጥ አይጠፋም። ትኩሱን በፍጹም አትጠቀሙ። ጥቅምት ላይ ከገለባ፣ ከአትክልት ልጣጭና ከአፈር ጋር እየደረደርኩ አከማቻለሁ፣ በየሦስት ሳምንቱ አገላብጠዋለሁ፣ ውኃ እረጨዋለሁ። የካቲት ላይ ጠቁሮ፣ ሽታው የዝናብ መሬት ሽታ ሲሆን ደርሷል ማለት ነው። በ1 ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ ይበቃል። የምድጃ አመድ በስሱ ብነሰንስም ከትኩስ ፍግ ጋር አላቀላቅልም፤ የፍጉን ናይትሮጅን እንደ ሽታ አባሮ ያስወጣዋል።

ችግኝ የማዛውረው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ሳያገኛቸው አንድ ሌሊት ያርፋሉ። ጥቅል ጎመን አንድ ክንድ ይራራቃል፣ ሐበሻ ጎመን ስንዝር ተኩል፣ ሰላጣ አንድ ስንዝር፣ ባሮ ሽንኩርት አንድ ጋት። ጥቅል ጎመን ገና ትንሽ ሳለ ክፍተቱ የተትረፈረፈ ይመስላል፤ አትሞኙ፣ ጠጋ ጠጋ ካለ አይጠቀለልም።

ለሁዳዴ ጎመን ካሰባችሁ ሐበሻ ጎመን ነው የሚያደርሳችሁ። ጥር ላይ የፈላው፣ የካቲት መጨረሻ የተዛወረው፣ ጾሙ ከማለቁ በፊት ከሥር ከሥሩ ቅጠሉ መለቀም ይጀምራል። አናቱን ካልነካችሁት ሳምንት በሳምንት ይሰጣል። ለአራት ቤተሰብ ሃያ እግር ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ብርድ መከላከያው። ሰማዩ ማታ ጥርት ብሎ ኮከቡ ከበዛና ነፋሱ ጸጥ ካለ፣ ያ ሌሊት ያስፈራል። ደመናና ነፋስ ያለበት ሌሊት አያስፈራም። በሚያስፈራው ሌሊት መደቡ ላይ ግራና ቀኝ አራት አራት ጭራሮ አጉብጬ እተክልና በላዩ ያረጀ ጆንያ ወይም ነጠላ ጨርቅ እዘረጋለሁ፣ ዳሩን በድንጋይ እይዘዋለሁ። ጨርቁ ቅጠሉን እንዳይነካ ነው ጭራሮው የሚያስፈልገው፤ በተለይ ላስቲክ ከሆነ የነካው ቅጠል ሁሉ አብሮ ይረጋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ቀኑን ሙሉ ከተተወ ደግሞ ውስጡ ይታፈንና በሽታ ያመጣል። ለየብቻቸው ለተተከሉ ችግኞች የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጬ እደፋባቸዋለሁ፤ ክዳኑን ማታ እዘጋለሁ፣ ጠዋት እከፍታለሁ።

ማታ ማጠጣትን ተውኩ። ሌሊት ቅጠሉ ላይ ያደረ ውኃ ነው መጀመሪያ የሚረጋው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር፣ ከሥሩ ነው የማጠጣው። በነገራችን ላይ ርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል፤ ስለዚህ ውርጭ የሚያሰጋ ሌሊት ሲመጣ በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ አፈሩ ጠጥቶ ቢሆን ይጠቅማል።

ስለ ውኃ ካነሣሁ ትልቁን ስሕተቴን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት የካቲት 20 አካባቢ ሁለት ቀን ደህና ዝናብ ጣለ። "በልጉ ገባ" ብዬ 40 ካሬ ሜትሩን በሙሉ በአንድ ቅዳሜ ዘራሁት፣ ተከልኩት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። የቧንቧ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነበር የሚመጣው፣ በርሜሌ አንድ ብቻ። ካሮቱ በቅሎ ሣር መስሎ ከታየ በኋላ በአራት ቀን ውስጥ ነደደ። ከዚያ ወዲህ ሒሳቡን አስቀድሜ ነው የምሠራው፤ በደረቅ ቀን 1 ካሬ ሜትር መደብ 5 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በቀን ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማግኘት ከቻልኩ የማጠጣው 12 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በየካቲት የምተክለው 12 ብቻ ነው። የቀረውን ዝናቡ ሲጸና፣ መጋቢት አጋማሽ አልፎ እጨምራለሁ። በልግ በአንድ ዝናብ አይታመንም። በልጉ ቢቀር ቢያንስ ያቺ 12 ካሬ ሜትር ቤቱን ትመግባለች። የጎመን እጣቢ፣ የእህል እጣቢ አይደፋም፤ ሳሙናና ዘይት የሌለበት ሁሉ ወደ መደቡ ነው። ከተከልኩ በኋላም ገለባ እጎዘጉዛለሁ፤ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም።

ካሮት ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፣ እኔም ቆርጬ ነበር። አንዱ ዓመት የገዛሁት ዘር ተከፍቶ በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጥ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ስጠብቅ አንድም አልወጣም። አሁን ቀኑ የተጻፈበት የታሸገ ዘር ብቻ ነው የምገዛው፣ እሱንም እፈትነዋለሁ። ሃያ ፍሬ ቆጥሬ ርጥብ ጨርቅ ላይ አስተኛና በፌስታል ጠቅልዬ ወጥ ቤት፣ ሙቀት ያለበት ጋ አስቀምጠዋለሁ። በአሥር ቀን ውስጥ ከአሥራ አራት በላይ ካቆጠቆጠ ደህና ነው። ዐሥር ከሆነ አጥብቄ እዘራለሁ። ከስምንት በታች ከሆነ አይዘራም። የሽንኩርት ዘር ከሆነማ ዓመት ካለፈው በኋላ አትመኑት።

ካሮት አይዛወርም፤ እዚያው መደቡ ላይ ነው የሚዘራው። ድንጋይና ጓል ተለቅሞ እስከ አንድ ስንዝር ድረስ የለዘበ አፈር ይፈልጋል፤ ድንጋይ ካገኘው ይነጣጠላል፣ ትኩስ ፍግ ካገኘውም እንደ ሹካ ይከፈላል። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር አሽቼ በመሥመር እነሰንሰዋለሁ፣ መሥመሩ አንድ ስንዝር ይራራቃል፣ በስሱ አለብሰዋለሁ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ለሃያ ቀን፣ የላዩ አፈር ለአንድ ቀን እንኳ እንዲደርቅ አልፈቅድም። መሥመሩ ላይ ርጥብ ጆንያ አነጥፋለሁ፣ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ጫፉን ገልጬ አያለሁ፤ የመጀመሪያው አረንጓዴ ክር ሲታይ ጆንያው ይነሳል።

ከዚያ ማሳሳት። ይህን ሥራ ማንም አይወደውም፣ የበቀለውን መንቀል ያሳዝናል። ቁመቱ ጣት ሲያክል ዝናብ ከጣለ ወይም ካጠጣሁ በኋላ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አወጣለሁ፤ በሁለቱ መካከል ሁለት ጣት እንዲገባ። የመጀመሪያው ዓመት ሆዴ ባባና ተውኩት፤ ሰኔ ላይ ያወጣሁት እርስ በርሱ የተጠማዘዘ፣ ከእርሳስ የማይበልጥ ነበር። ቀይ ሥርና ቆስጣም ይሳሳሉ፤ አንዱ ፍሬያቸው ውስጥ ሁለት ሦስት ዘር ስላለ ተደራርበው ነው የሚበቅሉት። የእነሱ ንቃይ ግን አይጣልም፣ ሰላጣ ላይ ይገባል።

አንድ ቀን ጠዋት አምስት የጥቅል ጎመን ችግኞች ከሥራቸው ተቆርጠው ወድቀው አገኘሁ፣ በመቀስ የተቆረጡ ነው የሚመስሉት። ቅጠላቸው አልተበላም። የጎረቤት ዶሮ ነው ብዬ ልናገር ስል እማማ "ቆይ" ብለው ተንበረከኩ፤ በወደቀው ችግኝ ዙሪያ በምስማር አፈሩን ጫር ጫር ሲያደርጉ ሁለት ጣት ሳይጠልቅ ግራጫ፣ ወፍራም፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ትል ወጣ። ቆራጭ ትል ይባላል፣ ሌሊት ነው የሚሠራው። አንዱ ትል በየሌሊቱ ሌላ ችግኝ ስለሚቆርጥ በዚያው ጠዋት ፈልጋችሁ ካላጠፋችሁት ይቀጥላል። አሁን ሳዛውር የሃይላንድ ጠርሙስ በቀለበት በቀለበት ቆርጬ፣ ግማሹን አፈር ውስጥ ቀብሬ፣ ለእያንዳንዱ ችግኝ አጥር አደርግለታለሁ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ሙቀት ሲጨምርና ዝናቡ ሲዘገይ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይመጣል። የጎመኑን ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ፤ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነገር ካለ እሱ ነው። ገና በአንድ ሁለት ቅጠል ሳለ ቅጠሉን ቀንጥሶ ማራቅ ይበቃል። ከበዛ በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ ማንኪያ የተፈረፈረ ተራ ሳሙና አሟሙቼ ከቅጠሉ ሥር እረጫለሁ፣ በማግሥቱ በንጹሕ ውኃ አጥበዋለሁ። ሳምንት ቆይቼ እደግመዋለሁ። የሚበላ ቅጠል ላይ ሌላ መድኃኒት አልረጭም።

ድንች የምተክለው መጋቢት 5 አካባቢ ነው። አፈር ውስጥ ሦስት አራት ሳምንት ስለሚቆይ ሲወጣ ውርጩ የለም። ዘሩን፣ ጉደኔ ወይም በለጠ የሚባሉትን የድንች ዝርያዎች ካገኘሁ ደስ ይለኛል፣ የእንቁላል መጠን ያለውን መርጬ ከጥር ጀምሮ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ብርሃናማ ቦታ አንድ ረድፍ አድርጌ እዘረጋዋለሁ። ልጣጩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቡቃያው አጭርና ወፍራም ሆኖ ይወጣል። ጨለማ ውስጥ የበቀለ ረጅም ነጭ ቡቃያ ሲተከል ይሰበራል። መሥመር ከመሥመር 75 ሳንቲ ሜትር፣ ድንች ከድንች 30። ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲሞላ አፈር አስታቅፈዋለሁ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እደግመዋለሁ፤ ፀሐይ ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ መበላትም የለበትም። የዘሩ አረንጓዴ ለመትከል ነው፣ ለድስት አይሆንም።

በበልግ ድንች የምወደው ክረምቱን መቅደሙን ነው። ሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲከብድ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ቁስል፣ ከቅጠሉ በታች በኩል ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር የሚያመጣው በሽታ ይደርሳል፤ ጓሮውን በሳምንት ያጠፋዋል። የበልጉ ድንች በዚያን ጊዜ ፍሬ ይዞ ጨርሷል። በሽታውን እንዳየሁ ቅጠሉን ከነግንዱ አጭጄ ከጓሮው አወጣዋለሁ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቄ ድንቹን እቆፍራለሁ፤ ልጣጩ ይጠነክራል፣ በሽታውም ወደ ፍሬው እምብዛም አይወርድም። ድንች የነበረበት መደብ በሚቀጥለው በልግ ለካሮት ወይም ለባቄላ ይሰጣል፣ ለድንች አይመለስም። የጎመን ዘመዶችም እንደዚሁ ይዘዋወራሉ።

ቲማቲሙን ለሮቢት ትቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ግድግዳው ሥር ሞክሬው ፍሬው አረንጓዴውን እንደያዘ ክረምቱ ደርሶ አበላሸው። እናቴ ስትመጣ በዘንቢል ይዛልኝ ትመጣለች፣ እኔ ደግሞ ጎመንና ካሮት አስይዛታለሁ።

ግንቦት ላይ ሐበሻ ጎመኑ አናቱን ማርዘም ሲጀምር ሁሉንም አልነቅለውም። ቅጠላቸው ሰፋፊ የሆኑትን፣ ዘግይተው ያበቡትን አራት አምስት እግር መርጬ ጭራሮ ደግፌ እተዋቸዋለሁ። ቶሎ የሚያብበውን ለዘር ካስቀራችሁ በሚቀጥለው ዓመት ቅጠል ሳይሆን አበባ ነው የምትሰበስቡት። ዘሩን የያዘው ቆባ ገለባ ሲመስል፣ ሳይፈነዳ፣ ረፋዱ ላይ አጭጄ ጨርቅ ላይ አደርቀዋለሁ፣ በእጄ አሽቼ በወንፊት እነፋዋለሁ። ለዘር የሚሆነውን ዓመተ ምሕረቱን በጻፍኩበት ወረቀት ጠቅልዬ ከምድጃው ራቅ ባለ ደረቅ ቦታ፣ ጣሳ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የተረፈው ለምጣድ ማሰሻ ነው፣ ከእሱም ግማሹ የእማማ።